ሎሚ ለሻይ ነው

ስሟን ያወጡላት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ መብረቅ አሏት። ባልዲዋን ይዛ መወጣጫው ላይ ስትወጣና ኮርኒሱን ለስና ስትወርድ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣላት አይችልም ነበር። ጀሶ ጠባዩ የታወቀ ነው። ውሃ ከነካው በኋላ የማንንም ፊት አያይም። ሲሚንቶ ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ ይታገስሃል፤ ጀሶ ግን ዞር ዞር ካልክበት ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለሳኞች ይህን «ሞተ» ይሉታል። የሞተ ጀሶ ውሃ ቢጨመርበትም አይነሳም፣ ተጠርቦ ይጣላል። በመብረቅ ባልዲ ውስጥ ጀሶ ሞቶ አያውቅም ነበር። ይህንንም እሷው ራሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለአዲስ ሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

ኩራቱ ከአባቷ የወረሰችው ነው። አባቷ በለሳኝነት ያረጁ፣ ሙያውንም ለእሷ ያስተማሩ፣ ትንሿን የለሳኞች ቡድን የሚመሩ ሰው ናቸው። ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛው ሎሚ አለመውደዳቸው ነው። የተበጠበጠ ጀሶ ላይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ ካደረጉበት ቶሎ አይደርቅም፣ ለሠራተኛው ፋታ ይሰጠዋል። ብዙ ለሳኞች ያደርጉታል፣ ነውርም የለበትም። በእሳቸው ቡድን ግን ነውር ነበር። «ሎሚ ለሻይ ነው» ይላሉ። «እጁን ያመነ ሰው ጀሶን አይለማመጥም።»

ሁለተኛው ጠባያቸው ደግሞ ሰው አለማመስገናቸው ነው። ልጃቸው ኮርኒስ ስትጨርስ የእጅ መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግተው ያበሩና አንጋጠው ይዞራሉ። ሌላ ሰው በአጉሊ መነጽርም የማያየውን ጎርበጥ ያለ ቦታ ሳያገኙ አይመለሱም። ካገኙም በኋላ በጣታቸው እያመለከቱ «እዚህ ጋ ተኝተሻል» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም። እሷም እየተነጫነጨች ተመልሳ ትወጣለች፣ ታስተካክላለች፣ በልቧ ግን እንዲህ የሚያይላት ሰው በማግኘቷ ደስ ይላታል።

ካንሰሩንም ያገኘችው ኮርኒስ እያየች ነው። አንገቷን አመማትና ልታሸው እጇን ስትሰድ ከአንገቷ ግርጌ ካለው አጥንት በላይ አንድ ጠጣር ነገር አገኘች። የንፍፊት ካንሰር ነው ተባለች። በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጨረሰች፣ ፀጉሯ ረገፈ፣ ከዚያ አንገቷ ላይ የጨረር ሕክምና ተጀመረላት። ፊቷን እንደ ወንፊት በተበሳሳ ጭንብል አስረው በጀርባዋ ያስተኟት ነበር። እዚያ ተጋድማ ታዲያ ምን ታያለች? ኮርኒስ! ያውም የተንሻፈፈ፣ ጥግ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ለሳኙ ምሳ ሰዓት ደርሶበት የሸሸው የሚመስል ኮርኒስ። «ማነው ይሄን የለሰነው?» አለቻቸው ባለሙያዎቹን፣ ጭንብሉ ገና ከፊቷ ሳይነሳ። «ከዳንኩ መጥቼ በነጻ አፍርሼ እሠራላችኋለሁ። በዚህ ኮርኒስ ሥር ሰው አይድንም።» እሷ ግን ዳነች። ቃሏንም ጠብቃ በአንድ የበዓል ቀን ሄዳ ሠራችላቸው። ያን ቀን አባቷ አብረው ሄደው፣ የጨረሩን ማሽን በጎሪጥ እያዩ ዞሩና «እዚህ ጋ ተኝተሻል» አሏት።

ከሆስፒታል ስትሰናበት፣ ጨረሩ ያረፈው አንገት ላይ ስለሆነ የታይሮይድ ዕጢዋ ውሎ አድሮ ሊዳከም እንደሚችልና ደሟን በየጊዜው ማስመርመር እንዳለባት ነግረዋት ነበር። እሷ ግን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው። ካንሰርን ያህል ነገር አሸንፎ የወጣ ሰው ለአንዲት ዕጢ ምን ጆሮ አለው?

የመጀመሪያው ዓመት በደህና አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ በረዳት። ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲሠራ እሷ ከቱታዋ ሥር ሁለት ሹራብ ደረበች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ይወዳል። «እኔ መብረቅ አገባሁ ብዬ በረዶ ነው እንዴ ያገባሁት?» ይላል እግሯ ሲነካው። ቀጥሎ እንቅልፉ መጣ። ቁጭ ባለችበት ዓይኗ ይከደናል። ብዙም ሳትበላ ሱሪዋ እምቢ አላት፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ቆዳዋ ደርቆ ሻከረ። የምትለስንበትን መለሰኛ የት እንዳስቀመጠችው ትረሳለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ካንሰሩ ተመልሶ የመጣ መስሏት ፈርታ ነበር፤ ካልተናገረችው የማይመጣ ይመስል ዝም አለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ትንሽ ክፍል ኮርኒስ ላይ ሆና ክንዷ ከበዳት። ልፋቷ እንደ ድሮው ነው፣ እጇ ግን ሌላ ሰው የሚያዘው ይመስል ዘገየባት። ከኮርኒሱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ መለሰኛዋን ወደ ባልዲው ሰደደች፤ ቀጭ አለ። ጀሶው ሞቷል። ባልዲውን ዘቅዝቃ ደበደበችው፣ አንድ ሙሉ ነጭ ድንጋይ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ባልዲው ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ማነው ያጠበው? የትናንቱ ጀሶ ጠርዙ ላይ ቀርቶበታል።» እውነት ነው፣ ያልታጠበ ባልዲ አዲሱን ጀሶ ቶሎ ያደርቀዋል። ግን ባልዲውን ያጠበችው ራሷ ነበረች። ከሥር ጀሶ የሚያቀብሉት የአጎቷ ልጆች፣ መንትዮቹ፣ መሬት መሬት አዩ። አባቷ መጡና ያን ነጭ ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አደረጉት።  ወደ ቤት ሲመለሱ ብቻ «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አሉ። «ትሄጃለሽ» አላሉም፣ «እንሄዳለን» ነው ያሉት፤ ያ ነው እንባዋን ያመጣው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። የደም ምርመራውን ውጤት አይታ ወንበሯን አስጠጋች።

«ካንሰሩ አልተመለሰም፤ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። የደከመው ታይሮይድሽ ነው። ጨረሩ በሽታውን ሲመታ አጠገቡ ያለችውንም ዕጢ ጎድቷታል። ሌባ ሲያባርሩ የጎረቤት መስኮት እንደመስበር በይው። ሰውነትሽን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት፤ አሁን ሆርሞኗ አነሰ፣ አንቺም ቀዘቀዝሽ።»

መብረቅ ሳቀች። ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘች፣ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። «ስንፍና አይደለም ማለት ነው?»

«ስንፍና በደም ምርመራ አይታይም» አለች ሐኪሟ። «ኪኒን እሰጥሻለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቁርስ ለመብላት ትንሽ ትታገሻለሽ። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ መጠኑንም በደምሽ እያየን ነው የምናስተካክለው። ስለዚህ ከሁለት ወር በኋላ ሳትቀሪ ነይ።»

«እስከ መቼ ነው የምውጠው?»

«ሁልጊዜ።»

ይሄኛው አላሳቃትም። ካንሰሩ እንኳ መጨረሻ ነበረው፣ ይሄ ግን አብሯት ሊያረጅ ነው የመጣው።

በዚያው ሰሞን አባቷ ትልቅ ሥራ ያዙ። የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማንበቢያ አዳራሽ ነው። ኮርኒሱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ደግሞ ከግድግዳው ወደ ላይ የሚያበራ ነው። እንዲህ ያለ መብራት የለሳኝ ጠላት ነው፤ የጣት አሻራ ታህል ጉድለት ብትኖር ጥላዋን አርዝሞ ለሕዝብ ያሳያል። ስለዚህ ኮርኒሱ እርጥቡ ከእርጥቡ እየተያያዘ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ጀሶው መሐል ላይ ከሞተ መገጣጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል። አባቷ ቀኝ ትከሻቸውን ከታመሙ ወዲህ ኮርኒስ አይወጡም። «የምትመሪው አንቺ ነሽ» አሏት። «ካልቻልሽ ግን ንገሪኝ። እቃውን ሸጬ እቀመጣለሁ። ሌላ ለሳኝ መወጣጫዬ ላይ አላወጣም።»

«እችላለሁ» አለች።

አዳራሹ እስኪደርስ የዚያው ሕንፃ ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ። አባቷ «ከእንግዲህ ጀሶ የምበጠብጥልሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ እጅሽን አትጨርሺ» አሉ። ድሮ ሁሉም የየራሱን ነበር የሚበጠብጠው። እሷም አልተቃወመችም። እናም አንድ ተአምር ሆነ። ኪኒኑን ከጀመረች ገና ብዙም ሳይቆይ ጀሶው መሞቱን ተወ። አንድ ክፍል ጨረሰች፣ ባልዲው ውስጥ የቀረው ጀሶ ለስላሳ ነበር። ሌላም ጨረሰች፣ ያው ነው። አሁንም ይበርዳታል፣ አሁንም ምሳ ላይ ትተኛለች፣ ግን ማን ልብ ብሎት! ጀሶ አይዋሽም። «መብረቅ ተመለሰች!» እያለች መንትዮቹን አሰለቸቻቸው። የሁለት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለዳነ ሰው ምርመራ ምን ያደርግለታል? ኪኒኑንም ቁርሷን እየጎረሰች፣ አንዳንዴም እየረሳች ትውጠው ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አላላትም። አባቷ ኮርኒሶቹን እየዞሩ ሲያዩ «ጥሩ ነው» ብለው ይሄዱ ነበር። አንድም ቀን «ተኝተሻል» አላሉም። እሷ ግን በእጅ መብራቱ ስታይ ጉድለት ይታያታል። እሳቸው እንዴት አላዩትም? ዓይናቸው ደክሞ ይሆን ብላ አዘነች።

ነገሩን ያፈረጠው የሕንፃውን መብራት የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ከአንድ ክፍል የሽቦ ካርቶኑን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ወጣ።

«እስቲ የእግዜር ያለህ በሉ! የሽቦ ካርቶኔን ማነው የሰላጣ ቤት ያደረገው?»

ካርቶኑ ውስጥ ተጨምቀው የደረቁ የሎሚ ልጣጮች ሞልተዋል። መንትዮቹ ሳቁ። መብረቅ አልሳቀችም። አንዱን ልጣጭ አንስታ አሸተተችው፣ ጠርዙ ላይ ነጭ የጀሶ አሻራ ነበረበት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተረዳችው። እንዲህ ያለ ውርደት በካንሰሩም ጊዜ አልተሰማትም ነበር። ልጣጩን በእጇ ጨብጣ አባቷ ጀሶ ወደሚበጠብጡበት ክፍል ገባች።

«ይሄ ምንድነው አባዬ?»

አባቷ ልጣጩን አይተው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ሎሚ ነው።»

«ሎሚ መሆኑንማ አየሁት። ሎሚ ለሻይ አይደለም እንዴ?»

«እንዳይሞትብሽ ብዬ ነው። ያን ቀን ባልዲ ስትደበድቢ አየሁሽ። አላስቻለኝም።»

«ብትነግረኝስ?»

«ብነግርሽ ትቀበዪኝ ነበር?»

አትቀበልም ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «ሐኪሟ በደም ትለካኛለች፤ እኔ ራሴን የምለካው በጀሶ ነው! ጀሶው ካልሞተብኝ ድኛለሁ ማለት ነው ብዬ... መለኪያዬን አጣመምክብኝ እኮ አባዬ። ድኛለሁ ብዬ ምርመራውን ተውኩት!»

አባቷ የጀሶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ከጀሶው ነጣ። «ምርመራውን ተውሽው?»

«ተውኩት።»

 አባቷ የኮታቸውን ኪስ ከፍተው አንድ ሙሉ ሎሚ አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ለአንቺ ብቻ አይደለም። ትከሻዬ ከተያዘ ጀምሮ ለራሴም የግድግዳ ጀሶ አደርግበታለሁ። አፍሬ ነው ያልተናገርኩት። ሎሚ ለሻይ ነው ስላችሁ ኖሬ...»

ኮታቸው ሁልጊዜ ሎሚ ሎሚ እንደሚል ትዝ አላት። ለጉሮሯቸው የሚይዙት ነበር የሚመስላት። «ትልቅ ሰው! እንዲህ እያመመህ ምን ነበረበት ብትነግረን?»

«አንቺስ ስትደክሚ ምን ነበረበት?»

 አባቷን አየቻቸው፤ ሎሚውን እንደ ሌባ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሳቋ ሳትፈልግ አመለጣት። እሳቸውም መጀመሪያ ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ትከሻቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። ከውጭ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ሻዩ ደረሰ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደች። ውጤቱ መጥፎ ነበር፤ ሆርሞኗ አሁንም ዝቅተኛ ነው። ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ ግን ኪኒኑን እንዴት እንደምትወስደው አንድ በአንድ ጠየቀቻት። መብረቅ እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ጀሶው፣ ስለ ሎሚውም ነገረቻት። «ደግ አባት አለሽ» አለች ሐኪሟ መጠኑን እየጨመረች፣ «ለመለኪያ ግን ደሙን እንመን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏ ሥራ አገኘ። ጠዋት ኪኒኗን ከዋጠች በኋላ ዳቦው ፊት እጁን ዘርግቶ ይቆማል። «ይህ አውቶቡስ ገና አልተነሳም» ይላታል። ስትራብ ትሰድበዋለች፣ እሱ ግን ሰዓቱን እያየ ፈገግ ይላል።

ከሐኪሟ ይልቅ የከበዳት የሥራው ተቆጣጣሪ ቢሮ መግባት ነው። ተቆጣጣሪዋ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። መብረቅ ወንበር ሳትስብ ቆማ ተናገረች። «ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ፤ ጨረሩ ታይሮይዴን ጎድቶታል። መድኃኒቴ እየተስተካከለ ነው፣ አሁን ግን እንደ ድሮዬ ፈጣን አይደለሁም። የአዳራሹን ኮርኒስ እኔ ነኝ የምመራው። ቀኑን ትንሽ ግፊልኝ። ጀሶውም ሎሚ ይገባበታል፤ ከሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።»

«ሌላ ሰው ላምጣ ብልስ?»

«ታመጫለሽ፤ ሥራው የአንቺ ነው። ያመጣሽውን ሰው ግን መብራቱ ሲበራ ታዪዋለሽ።» ይህን ስትል ድምጿ ጎርናና ነበር። በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው የወለሉን ሥራ አስቀድማለሁ» አለች።

የኮርኒሱ ቀን ሲደርስ ብርዱ ለቀቅ አድርጓት፣ ከሁለቱ ሹራቦች አንዱን አውልቃ ነበር። አባቷ በአዳራሹ መሐል ንጹሕ ጣውላ ዘርግተው ሎሚዎቹን ደረደሩ። በሰው ፊት ቆርጠው፣ በሰው ፊት ጨመቁ። «ጋሼ፣ ለኔ ስኳር እንዳይበዛበት!» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «አንተን እዚሁ ባልዲ ውስጥ ነው የምከትህ» አሉት፣ እየሳቁ። ስንት ጠብታ ለየትኛው ባልዲ እንደሚገባ የምታዘው እሷ ነበረች። ከጥግ ጀመረች። እንደ ድሮው አልሮጠችም፣ ግን እርጥቡ ከእርጥቡ ሳይለያይ ሄደች። ሲደክማት ከመንትዮቹ አንዱን ጠርታ መለሰኛውን ሰጠችው፣ እሷ መወጣጫው ላይ ቁጭ ብላ «ወደ ግራ፣ ቀለል አድርገህ» እያለች መራችው። መወጣጫ ላይ ቁጭ ብላ አታውቅም ነበር። ትንፋሿ ሲመለስ ተነስታ ተቀበለችው።

«መብረቅ ዛሬ ካፊያ ሆነሻል!» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከታች።

«መብረቅ ብሆን የሚቃጠለው ያንተ ሽቦ ነው፤ ዝም በል!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመጨረሻው ጥግ ደረሰች። አንድም ባልዲ አልሞተም።

ጀሶው ሲደርቅ መብራቱ የሚበራበት ቀን መጣ። ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ወለል ሠሪዎቹም ሥራቸውን ትተው ቆሙ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ማብሪያውን ተጫነ። ብርሃኑ ከግድግዳዎቹ ተነስቶ ኮርኒሱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጠባሳ የለም፣ መገጣጠሚያ የለም። ነጭ ብቻ። ወለል ሠሪዎቹ አጨበጨቡ። «እንዴት አድርጋችሁ ነው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«በሎሚ!» አለች መብረቅ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

አባቷ ግን አላጨበጨቡም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንጋጠው፣ እግራቸውን እየጎተቱ መዞር ጀመሩ።   መብረቅ «ጥሩ ነው» እንዳይሏት ፈራች። ያን ቃል ዛሬም ከእሳቸው አፍ ብትሰማው አሁንም እንደ በሽተኛ እንደሚያዝኑላት ታውቃለች። አባቷ አዳራሹን ሊጨርሱ ሲሉ በሩ አጠገብ ቆሙ። ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ ያን ወፍራም ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እዚህ ጋ ተኝተሻል» አሉ።

ተቆጣጣሪዋ አንጋጣ ብታይ ብታይ ምንም አልታያትም። ለመብረቅ ግን ታያት፤ ምስር የምታህል ጎርበጥ ያለች ቦታ ነበረች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጥርሷም ተገለጠ። «አየሁት፣ አባዬ» አለች። «ትንሽ በጥብጥልኝ።»

አባቷ ባልዲያቸውን አነሱ። «ሎሚ ይግባበት?» አሉ፣ ሁሉም ሰው እየሰማ።

«ለዚች ለዚች? እሱን ለሻይህ ያዘው» አለችና መወጣጫውን ራሷ እየገፋች ወደ በሩ ወሰደችው።